የጋሼ ታደለ በረኞች

በረኛ ሆኖ ጋሼ ታደለን ማስደሰት የሚቻለው እንዴት ይመስላችኋል? ጓንት አውልቆ ቤት በመግባት ነው!

ጋሼ ታደለ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ በሚባለው ሰፈራችን ሜዳ የሚጫወተው የሐበሻ ቡድናችን ደጋፊ ናቸው። ለእሳቸው የዛሬው በረኛ ሁልጊዜ ወንፊት፣ የድሮው ሁልጊዜ ግንብ ነው። ያ ግንብ በጊዜው ወንፊት ሲባል ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወንድሜ ዮናስ ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ካርቶን ሲሸከም ሰንብቶ ቅዳሜ በረኛ ይሆን ነበር። ጋሼ ከጎሉ ጀርባ ቆመው፣ "አንተ ወንፊት! የድሮው በረኛ ደረጀ ቢኖር ይቺን በአፍንጫው ይይዛት ነበር!" ይሉታል። ባለፈው ወር እናታችን እየሰማች ሲሰድቡት ጓንቱን አውልቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከክፍሉ አይወጣም።

ትናንት አዲሱ በረኛ ጎል ሲገባበት ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"ዮናስ ቢኖር ይቺ ትገባ ነበር? ግንብ እኮ ነው!" ወደ እኔም ዞረው፣ "የኔ ልጅ፣ እባክሽ ወንድምሽን ተመለስ በይው" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። በትልቅ ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላወራው እኔ ጮህኩ።

"አይመለስም ጋሼ! ከተመለሰ ወንፊት ያደርጉታል። ቤቱ ተቀምጦ ግንብ ይሁን!"

አዲሱ በረኛ ሰምቶን ኖሮ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።