የልጄ መኪና የማትጠጣው ውሃ

እናት ልጇን መርዳት የምታቆመው መቼ ነው? እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ፣ ልጄ ትዕግሥት ሰባተኛ ስትገባ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ደብተሯን ማንበብ ሲያቅተኝ በጋዜጣ መሸፈን ጀመርኩ፤ የሚሸፈን ደብተር ሲጠፋ ደግሞ ፈተና በደረሰ ቁጥር ስለት መሳል። እጃችሁን ማሳረፍ የምትችሉ እናቶች ካላችሁ እስቲ አስተምሩኝ።

ይህችው ልጄ ዛሬ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የምታጠናው ያለ ቤንዚን ስለሚሄድ የቤት መኪና ነው። አርብ ገበያ ላይ ሚኒባሱ ነዳጅ አጥቶ ተሳፋሪው ከነጓዙ መንገድ ዳር ሲውል ላየ ሰው መቼም ይህ ትምህርት ብቻ አይደለም። ለእረፍት ስትመጣ እንዲህ አስረዳችኝ፦ ውሃ በኤሌክትሪክ ሲከፈል ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ መኪናዋ ውስጥ ባለ ስስ ሽፋን በኩል ከአየር ጋር ሲገናኝ መልሶ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ጭስ ሳይሆን ውሃ ነው።

«ከውሃ ተነስታ ውሃ?» አልኳት።

«ውሃ፣ እማ።»

አማተብኩ።

ሽፋኑን ራሷ ናት የሠራችው፤ ዓመት ሙሉ ለፍታበታለች። ውሃውን እዚያው ውስጧ በምትከፍል፣ የጫማ ሳጥን በምታክል ትንሽ መኪና ላይ ገጥማ አምጥታ ስትሞክራት፣ መኪናዋ ከበሩ እስከ መደቡ ሽር አለች። በማግሥቱ በተማረችበት ትምህርት ቤት ልታሳያት ቀጠሮ ነበራት።

ጠዋት ልብሷን ልትቀይር ገባ ስትል መኪናዋና እኔ ብቻችንን ቀረን። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ቄስ ጠርቶ ጠበል ያስረጭ የለም? የልጄ መኪና ከማን ታንሳለች? የውሃ ማጠራቀሚያዋን ክዳን ከፈትኩና በስመ አብ ብዬ ከደብራችን ጠበል ጨመርኩላት።

ትምህርት ቤት ሁለት ስንዝር ሄዳ ቆመች።

«ጠምቷት ነው፣ ጠላ ስጧት!» አለ አንዱ ተማሪ ከኋላ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ልጄ መኪናዋን ታቅፋ ወጣች።

ቤት ገብታ ደብተሯን ዘረጋች፤ ደመረች፣ ቀነሰች፣ ሰረዘች። በመጨረሻ፣ «የእኔ ሽፋን ነው የማይረባው» አለች። «ለመምህሬ ነግሬ ርዕሴን እቀይራለሁ።»

ዓመት ሙሉ የለፋችበት ነገር! ዝም ብል የሚያውቅ የለም፤ ከላይ ካለው ከአንዱ በቀር።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ምኑን ነሽ?»

«ጠበል ጨመርኩባት። ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ሦስት ክዳን። በሥላሴ ስም።»

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች ልበል አለቀሰች፣ እስካሁን አልለየሁትም። የምንጭ ውሃ ከድንጋይና ከአፈር የሚይዘው ነገር አለ፤ ሰውን አይጎዳም፣ ያን ሽፋን ግን ያበላሸዋል። ለዚህ ነው ተጣርቶ የነጠረ ውሃ በጠርሙስ ይዛ የምትዞረው። እኔ ጠርሙሱን የመንገድ ውሃዋ መስሎኝ ነበር።

ጠበሉን አቃልዬው እንደሆን ብዬ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«መኪናዪቱ ታማ ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ ጤነኛ ነበረች፣ አባ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

ትዕግሥት ርዕሷን አልቀየረችም። ዩኒቨርሲቲ ተመልሳ ሌላ ሽፋን ሠራች፤ ያችው መኪና መምህሯ ፊት አዳራሹን ዳር እስከ ዳር ሄደችላት። ባለፈው ሳምንት ደውላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ከዚያ ጠበል አንድ ጠርሙስ ላኪልኝ! ሽፋኑ ምን ያህል ክፉ ውሃ እንደሚችል ልትፈትን ነው።

«ልጄ፣ የማትጠጣውን ውሃ ምን አስፈተነሽ?» አልኳት።

«መኪናውን የሚገዛው ሰው ሁሉ እናት አለው፣ እማ» አለችኝ።