ባለቤቱ ማነው?

ታቦት የሌለው ደብር፣ ጠርጣሪ የሌለው ቀበሌ የለም። ሠርግ ቤት ወጡን ቀምሶ “በጉ ታሞ ነበር እንዴ?” የሚል፣ ለቅሶ ደርሶ “ለመሆኑ በምን ሞተ አሉ?” እያለ ከሐዘንተኛ ሐዘንተኛ የሚዞር ሰው በየአገሩ አለ። እናንተ አገር ከሌለ ምናልባት ሰውዬው እናንተው ናችሁ።

ለታች ጋይንት የደረሰው አያ ጣሰው ነው። ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ስንዴና ባቄላ የሚያርስ ረጅም ሰው ነው። የቀበሌው ሰው “ሊቀ ጠርጣሪያን” የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ማዕረጉን እንደሰማም “ማን ሾመኝ? ምን ፈልጎ?” ብሎ ብዙ አጣርቷል ይባላል። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ብለው ሊያሞግሱት ሲሞክሩ እንኳ “ማን መነጠረው?” ይላቸዋል። ይህን ሁሉ ተሸክማ የኖረችው ሚስቱ ውብነሽ ናት።

ነገሩ የጀመረው ቅኔ ቤት ነው። ጣሰው ወጣት ሳለ አኮፋዳውን አንግቶ ቅኔ ሊማር ሄዶ ነበር። አንድ ቀን የኔታ “ድስቱ ተሰበረ” አሉና “የዚህ አንቀጽ ባለቤት ማነው?” ብለው ጠየቁ። ተማሪው ሁሉ “ድስቱ” አለ። ጣሰው ግን ተነሣ።

“የኔታ፣ ድስት ራሱን ይሰብራል? የሰበረው ሰው የታለ?”

የኔታ ደግ ሰው ነበሩና በትዕግሥት አስረዱት፤ በሰዋስው ሕግ የ“ተሰበረ” ባለቤት ድስቱ ነው። ጣሰው “እንግዲያው ሰዋስውና ሰባሪው ተስማምተዋል” አለና አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ። አገሩ ቅኔ ቀርቶበት መርማሪ አተረፈ።

ከዚያ ወዲህ “ተ” የምትባል ፊደል ጠላቱ ሆነች። የሚኒባሱ ረዳት “መኪናው ተበላሸ” ካለ “ማን አበላሸው?” ይለዋል። የእንስሳት ሐኪሙ “ክትባቱ ተቋረጠ” ካለ “ያቋረጠው ማነው?” ይላል። ቄስ መሐሪ የደወሉ ገመድ ተበጠሰ ቢሉ የበጠሰውን እጅ ሊፈልግ ደወሉ ሥር ቆሞ ይውላል። “ባለቤቱ ማነው?” ይላል፤ ሌላ ጥያቄ የለውም።

የእናቱ የሸክላ ድስት የተሰበረ ዕለት ውብነሽ አፏ አዳልጧት “ተሰበረ” አለችው። ድመቷን መረመረ፤ ግልገሏን መረመረ፤ ነፋሱንም አልማረም። ውብነሽን ግን በዓይኑ ጥግ አያት እንጂ አልጠየቃትም።

“‘ተ’ የጥፋተኛ ካባ ናት” አላት ብቻ። “ተከናንቦ ይወጣባታል፤ ፊቱ አይታይም።”

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው የስንዴው ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የዘር ድርጅት ምርጥ ዘር ነው ብሎ ስንዴ አከፋፈለ። ጣሰው ገመሰ፣ አለሰለሰ፣ ዘራ። ዝናቡም ሰዓቱን ጠብቆ መጣ። የአገር ዘር የዘራ ጎረቤቱ ማሳ ለመለመ፤ የእሱ ጥቁር አፈር እንደሆነ ቀረ። ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጦ ክረምቱን ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህ የቀረውን አንድ በሬ ከጎረቤቱ ከክንዱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው የሚያርስ። ይህንንስ ቻለው። ያልቻለው ከድርጅቱ የመጣው ባለሙያ ስብሰባ ጠርቶ የተናገረውን ነው።

“አርሶ አደሩ አዘራሩን አላወቀበትም።”

ለዚህኛው አንቀጽ ባለቤት አልጠፋለትም! ዕድሜውን ሙሉ ሲዘራ የኖረ ሰው ገበያ ሲወጣ “ጠጠር የዘራው” ይሉት ጀመር። ውብነሽም፣ እውነቱን ለመናገር፣ “አጥልቆ ዘርቶት ይሆን?” ሳትል አልቀረችም። በልቧ ነው እንጂ አልተናገረችውም። ይሁንና ጠርጣሪ ሰው ሲጠረጠር ያውቃል። ማታ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ ያ ዘር በመካከላቸው ሳይበቅል ተቀምጦ ያመሽ ነበር።

ዘንድሮ የምርጫው ጊዜ ሲደርስ ለምክር ቤት ልወዳደር ብሎ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የዚያ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው አቶ ስንታየሁ። ፎቶው ከአርብ ገበያ እስከ ንፋስ መውጫ በየግድግዳው ተለጥፏል፤ ከሥሩ “ለአርሶ አደሩ ምርጥ ዘር ያዳረሱ” ይላል። ጣሰው ፎቶው ፊት ቆሞ ደጋግሞ አነበበውና “‘ያዳረሱ’” አለ። “እዚህ ላይ ‘ተ’ የለችም።”

ውብነሽ ነጠላውን ጎትታ ከፎቶው ፊት አራቀችው።

ዓርብ ዕለት ገበያው ሲበተን ሰዉ ለስብሰባ ተሰበሰበ። አቶ ስንታየሁ ማይክ ይዞ ብዙ ተናገረ፤ መጋዘን ሠራሁ፣ ዘር አዳረስሁ፣ ሠራተኛ ቀጠርሁ አለ። ጥያቄ ሲባል ጣሰው ተነሣ።

“አንቱ፣ ያ ያልበቀለው ስንዴ እንዴት ያለ ነገር ነበር?”

“አባቴ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው” አለ አቶ ስንታየሁ። “በወቅቱ ክፍተቶች ተፈጥረዋል። ዘሩ በበቂ ሁኔታ ሳይፈተሽ ተሠራጭቷል። ከዚያም ትምህርት ተወስዷል።”

ውብነሽ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ያቺን ፊደል ባንድ ትንፋሽ እንዲህ ሲደረድርበት ባሏ እንደማይተወው ታውቃለች።

“ሲዳረስ ባለቤት ነበረው” አለ ጣሰው። “ሳይበቅል ሲቀር ባለቤቱ ወዴት ሄደ? ክፍተቱን ማን ፈጠረው?”

ሰዉ ሳቀ። ጓዴ የሚባለው መድረክ መሪ “ጥያቄው ተመዝግቧል” ቢል ጣሰው “ማን መዘገበው?” አለና ሳቁ ባሰ።

አቶ ስንታየሁ ፈገግታው ጠፋ። “እኔ ሥራ አስኪያጅ ነበርሁ፤ ዘር ፈታሽ አልነበርሁም። ደግሞም በጥናቱ መሠረት አንዳንድ አርሶ አደር አዘራሩን…”

“ጠጠር የዘራው!” ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ።

ይህ ሳቅ ከፊተኛው የተለየ ነበር። ጣሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጥያቄው ሳይመለስለት ሲቀመጥ ውብነሽ አይታው አታውቅም። ዓይኑ መሬት መሬት ሲያይ በራሷ አፈረች። ሳታስበው ብድግ አለች። ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

“እኔ ባለቤቴን አውቀዋለሁ” አለች። “ይኸው እዚህ የተቀመጠው ነው። አዘራር ያውቃል! በእሱ እጅ ተዘርቶ ያልበቀለ የእናንተው ዘር ብቻ ነው። የእኔ ባለቤት ይህ ነው፤ የዚያ ዘር ባለቤትስ ማነው?”

ቀጥሎ ከሴቶቹ መካከል ተሾመች የምትባለው “ባለቤቱ ማነው?” አለች፤ ክንዱም እንዲሁ አለ፤ ብዙ ሳይቆይ ገበያው ሁሉ ሊቀ ጠርጣሪያን ሆነ።

አቶ ስንታየሁ ማይኩን ከአፉ ዝቅ አደረገ። ከፊት ያሉት ግን ሰሙት።

“እኔ ነኝ። የዘር ጊዜ እንዳያልፍ፣ ሳይፈተሽ ይውጣ ያልሁት እኔ ነኝ። ገበሬው አልነበረም።”

ከኋላ ያሉት “ምን አለ? ምን አለ?” ሲሉ ጓዴ ማይኩን ተቀበለና “ስብሰባው ተጠናቋል” አለ። “ማን አጠናቀቀው?” ብሎ የሚጠይቀው ሰው ግን አልተገኘም፤ ጣሰው ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር።

አህያቸውን እየነዱ የቤታቸውን መንገድ ያዙ። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ጣሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

“ማይኩን ለምን ዝቅ አደረገው?”

ውብነሽ ሳቀች። ይህ ጥያቄ ባይመጣ ኖሮ ታመመብኝ ብላ ልትሰጋ ነበር። “በጆሮህ ሰምተኸው የለም እንዴ?”

“ሰምቻለሁ። ለምርጫ ድምፅ ብሎ ያመነ እንደሆነስ?”

ጥቂት እንደሄዱ ውብነሽ ቆመች። ዛሬ አንዴ አፏ ተከፍቷል።

“አንተ ሰው፣ የእናትህን ድስት የሰበርሁት እኔ ነኝ።”

አያ ጣሰው ዘወር ብሎ አያት። ከዚያ አህያዋን ቸብ አድርጎ መንገዱን ቀጠለ።

“የሸክላ ነገር” አላት። “ተሰበረ።”