የቡርቦን ቀማሽ ሆኜ የከረምኩበት ዓመት

እኔ ውስኪ አዋቂ ነበርኩ። አሁን ትቻለሁ። የተውኩት መጠጣቱን አይደለም፤ ማወቁን ነው። እንዴት አዋቂ እንደሆንኩና እንዴት እንደተውኩ ልንገርህ፤ ካልቸኮልክ ተቀመጥ።

ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ጎንደር ውስጥ አሁንም ድረስ «መምህር» ነው የሚሉኝ። ቤተ መንግሥቱን በቃሉ የማያነበንብ አስጎብኚ የለም። የእኔ ልዩነት ትንሽ መጨማመሬ ነው። እንግዳው አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ የማላውቀውንም አውቃለሁ። ኋላ ጉድ የሠራኝ ይኸው ጠባይ ነው።

እንግዳ በጠፋበት አንድ ሰሞን ጆን የሚባል አሜሪካዊ ሽማግሌ መጣልኝ። አገሩ ኬንታኪ ነው። ስሜን ተራራ ላይ አምስት ቀን በእግር ይዤው ዞርኩ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ድንኳኑ ደጃፍ ይቀመጥና ከቦርሳው አንድ ጠርሙስና በካልሲ የተጠቀለሉ ሁለት ብርጭቆዎች ያወጣል። «ቡርቦን ነው» አለኝ። አብዛኛው ከበቆሎ የሚወጣ የአሜሪካ ውስኪ ነው፤ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የእንጨት በርሜል ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጧል። እኔም በትምህርት ቤት የእንጨት ወንበር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ምንም ለውጥ እንዳላሳየሁ ነገርኩት። ሳቀ።

ከዚያ ማስተማር ጀመረ። መጀመሪያ ቀለሙን እይ አለኝ። ብርጭቆውን አዘንብለህ በጎኑ ላይ የሚወርደውን እንባ መሳይ ጠብታ ተመልከት። ስታሸት አፍህን ከፈት አድርግ፤ አለዚያ አፍንጫህን ያቃጥልሃል። ትንሽ ጎንጨት በልና እንደ እህል አላምጠው። ዋጠው። ከዋጥከው በኋላ ጣዕሙ ጉሮሮህ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ አስተውል። ቡርቦን የሚመዘነው በዚህ ነው።

«ምን ሸተተህ?» አለኝ።

«አረቄ» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ጠንካራ አረቄ።»

አልተቆጣኝም። ቫኒላ አለበት፣ የተቃጠለ ስኳር አለበት፣ ቀረፋም ቆዳም አለበት አለኝ። ቫኒላን የማውቃት ከብስኩት ማሸጊያ ላይ ስሟን አንብቤ ነው። በአራተኛው ቀን ግን አሸተትኩና «ቆዳ» አልኩት። ተነስቶ ጨበጠኝ። አጠገቤ ጫማዬን ለማድረቅ አስጥቼው እንደነበር አልነገርኩትም። ከዚያች ቀን ጀምሮ አዋቂ ሆንኩ።

አገሩ ሲመለስ ግማሽ የቀረውን ጠርሙስ ተወልኝ። ለባለቤቴ ለአዝመራ አሳየኋትና ቡርቦን እንደሚባል ነገርኳት። በርበሬ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስለ በቆሎው፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ አሥራ አምስቱ ዓመት አብራራሁላት። እስክጨርስ ጠብቃ «የበቆሎ አረቄ ነው በለኛ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን ቡፌው ላይ፣ የሠርግ ፎቶአችን አጠገብ አስቀመጥኩት።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሽሮፕ ማንኪያ አንድ አንድ ማንኪያ እቀምሳለሁ። አሸታለሁ፣ አላምጣለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እየቆየሁ ስሄድ ጭስ አገኘሁበት። ደስ የሚል፣ የተለበለበ እንጨት ጭስ። ይህንን ጆን እንኳ አልነገረኝም። በራሴ ያገኘሁት ስለሆነ የበለጠ ኮራሁ። ደግሞ ጠርሙሱ አይጎድልም። ምን ያህል ቁጥብ ሰው ብሆን ነው እያልኩ ራሴን አደንቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚጠጣ ነገር ሁሉ በእኔ ሳይመዘን አያልፍም። የጎረቤት ጠላ አዘነብላለሁ። ጠጅ አላምጣለሁ። የቧንቧ ውኃ ሳይቀር አሽትቼ «ብረት ብረት ይላል» ብያለሁ። ለጎረቤታችን ለመሪጌታ ሙሉ፣ ከበርሜሉ እየተነነ የሚጎድለውን አሜሪካኖች «የመላእክት ድርሻ» እንደሚሉት ብነግራቸው፣ አረቄ የሚቀምስ መልአክ በየትኛውም መጽሐፍ እንዳላዩ ነገሩኝ። አሜሪካ ሲታተም ተጨምሮ ይሆናል አሉ።

ያመነኝ አንድ ሰው አብሮ አደጌ ጌታነህ ነው። ፒያሳ ትንሽ ሆቴል አለው። ደንበኛ ውስኪ ሲያዝ እኔን ይጠራኛል፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ የሚጠጣውን አስረዳዋለሁ። ሰውየው ውስኪውን በሰላም መጠጣት ይፈልግ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ የጌታነህ ልጅ ሰላም ልትዳር ሆነ። እጄ ላይ አቅፌ ያሳደግኳት ያህል ነው የምወዳት። የሚያገባት ልጅ ዳኛቸው ይባላል፤ አባቱ አያ ብርሃኑ የሳንጃ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ወደ ጌታነህ ቤት መጡ። እኔ በሴቷ ወገን ተቀምጫለሁ። ነገሩ ሁሉ ሸጋ ሆኖ ሄደ። ልጃችሁን ለልጃችን ተባለ፣ እሺ ተባለ፣ ምሳ ተበላ። የሠርጉን ቀን መቁረጥ ብቻ ቀረ።

አያ ብርሃኑ ያን ጊዜ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ካርቶን አወጡ። አሜሪካ ያለው የእኅታቸው ልጅ የላከላቸው ነው። ጌታነህ ተቀብሎ ጽሑፉን አየና ፊቱ በራ። ቡርቦን ነው፤ ያውም አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ። «የዚህስ አዋቂ እዚሁ አለ» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ያን ጊዜ ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። ሽማግሌዎቹ ጭምር። እንዲህ ያለ አድማጭ ሳገኝ እንዴት እንደምሆን ነግሬሃለሁ።

ብርጭቆውን ለመስኮቱ ብርሃን ሰጠሁት። አዘነበልኩት። አሸተትኩ። ጎንጨት አልኩና አላመጥኩ። ጭሱን ፈለግኩት፤ የለም። እንደገና ቀመስኩ። የሆነ ጣፋጭ ነገር አለ፣ ለስለስ ያለ ነገር አለ፤ የእኔ ጭስ ግን የለም። ብርጭቆውን አስቀመጥኩና እንደ ሐኪም ወደ ጌታነህ ጠጋ ብዬ «ይኼ ቡርቦን አይደለም» አልኩት። ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

«ምነው፣ ምን ጎደለው?» አሉ አያ ብርሃኑ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። «ምንም» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን «የእንጨቱ ጭስ የለውም። የእኅትዎን ልጅ አታለውት ይሆናል እንጂ ይኼ ተመሳስሎ የተሠራ ነው» አልኳቸው።

አያ ብርሃኑ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እንግዲህ ለልጅ መጠየቂያ የውሸት ዕቃ ይዤ መጣሁ ማለት ነው» አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሠርጉን ቀን ሌላ ጊዜ ተመካክረን እናሳውቃለን አለ። ተነሡ። ጌታነህ እስከ በር ሸኝቷቸው ሲመለስ አላየኝም። ከጓዳ ሰላም ስታለቅስ ይሰማል። እናቷ ያንን ብርጭቆ በሁለት ጣቷ አንሥታ ወሰደችው።

በዚያ ቀን ያላፈርኩ መሆኔን ስነግርህ አሁን አፍራለሁ። ቤቴ ስገባ የማስበው ትክክል መሆኔን ማሳየት ብቻ ነበር። የእኔን ጠርሙስ ይዤ ሄጄ ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምሳቸው። ጠርሙሱን ከቡፌው ላይ አንሥቼ በፌስታል ጠቀለልኩት። ለአዝመራ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። እየሰማችኝ ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እሱን ይዘህ አትሂድ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ቡርቦንህ አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠርሙሱን ባመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ቡፌውን ስትወለውል በክርኗ ነካችው። እኔ በየሰዓቱ እየከፈትኩ ስለማሸት ክዳኑ ላላ ብሎ ነበር። ጠርሙሱ አልተሰበረም፤ ቡርቦኑ ግን እስከ ጠብታው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ምን ያህል እንደምወደው ስለምታውቅ ልትነግረኝ ጨነቃት። በማግስቱ ጠዳ ወደምትኖረው አክስቷ ወደ እትዬ ዘውዴ ሄደች። እትዬ ዘውዴ አረቄ ታወጣለች። ለጥርስ ሕመም ይሆናል ብላ የተለበለበ የወይራ እንጨት ነክራበት በገንቦ ያስቀመጠችው ዳግም አረቄ ነበራት። ቀለሙ ቁጭ ቡርቦን። አዝመራ ቀድሞ እስከነበረበት ልክ ድረስ ሞላችው።

«ልነግርህ ነበር» አለችኝ። «ግን እሑድ ቀመስክና ‹ይኼ ነገር በየሳምንቱ እየተሻለው ነው የሚሄደው› አልክ። ከዚያማ እንዴት ብዬ ልንገርህ? እየጎደለ ሲሄድም እንዳይከፋህ እጨምርበት ነበር።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን ነገሩን አሰብኩት። ምን ልበላት? እሷ ያፈሰሰችው ግማሽ ጠርሙስ ነው። እኔ ያፈሰስኩት የሰው ሠርግ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ የወይራ ጭስ እያላመጥኩ ለጎንደር ሕዝብ ስለ ኬንታኪ ሳስተምር ከርሜያለሁ። እውነተኛው ቡርቦን አፌ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አላውቅህም ብዬ አባረርኩት።

አያ ብርሃኑ አዘዞ ዘመድ ቤት አርፈዋል። በማግስቱ ጠዋት ልሄድ ስል አዝመራ ነጠላዋን ለብሳ ተከተለችኝ። ብቻዬን ልሂድ ብላት «ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለች። ጠርሙሱንም ይዘን ሄድን።

አያ ብርሃኑ ተቀበሉን እንጂ ፊታቸው አልተፈታም። ቆሜ ጀመርኩ። ከጆንና ካሰጣሁት ጫማዬ ጀምሬ፣ የሽሮፕ ማንኪያውን፣ የቧንቧውን ውኃ ሁሉ ነገርኳቸው። የቀረውን አዝመራ ነገረቻቸው። ጨርሰን ስንቆም እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ ጠርሙሱን» አሉ።

በስኒ ቀዳሁላቸው። አላሸተቱም፣ አላዘነበሉም። ጠጡት። ከዚያ ስኒውን መልሰው ዘረጉልኝ።

«ስማ መምህር» አሉኝ ሁለተኛውን ሲጨርሱ። «የእኅቴ ልጅ የላከልኝ ሁለት ጠርሙስ ነበር። አንዱን ራሴ ጠጣሁት። አልጣመኝም። ከሩቅ አገር የመጣ ነው፣ የልጁም ድካም አለበት ብዬ ለሰው ሁሉ ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው ስል ከረምኩ። ትናንት የተናደድኩት ውሸት ነው ስላልከኝ ነው፤ አይጥምም ብትለኝ ኖሮ አቅፌ እስምህ ነበር።»

አዝመራ ሳቀች። እኔ ገና አልደፈርኩም።

«ግን» አሉ፣ «በሰው ፊት ያልከውን በሰው ፊት አንሣው። ልጁ ባዳ አገር ለፍቶ የላከው ነው። ስሙ መንጻት አለበት።»

በሚቀጥለው እሑድ እነዚያው ሽማግሌዎች፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ቦታ ተቀመጡ። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። የጫማው ላይ ስደርስ መሳቅ የጀመሩት ሽማግሌ የወይራው ላይ ስደርስ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ጌታነህ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ ቆየ፤ በመጨረሻ እሱም አልቻለም። ሰላም በጓዳው በር ብቅ ብላ አየችኝ። እንደዚያ ተስቆብኝ አያውቅም፤ እንደዚያም ቀልሎኝ አያውቅም። የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። አያ ብርሃኑ ሲወጡ የጠዳዋን አክስት ስም በወረቀት አጽፈው ያዙ።

ሠርጉ ላይ እንደማልቀምስ፣ እንደማላሸት፣ ከተጠየቅኩም እንደማልናገር ለአዝመራ ቃል ገባሁላት። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ምን ዋጋ አለው? ከሳንጃ የመጣ አንድ የማላውቀው ሰው ውስኪ የተቀዳበት ብርጭቆ ይዞ ፊቴ ቆመ። ወሬዬን ያልሰማ፣ አዋቂነቴን ብቻ የሰማ ሰው ነው። «እስቲ ይኼን ምን ይሉታል?» አለኝ። ሦስት አራት ሰው ተሰበሰበ። አዝመራ ከማዶ ታየኛለች።

እንቢ ማለት ነውር ሆነብኝ። ተቀበልኩ። ፈርቻለሁ። ቀመስኩና አፌን ገጠምኩ። ሰዎቹ ጠበቁ። እኔም ዝም። ብርጭቆውን ለሰውየው መለስኩለትና ራሴን አንድ ጊዜ ነቀነቅኩ፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን እኔም አላውቀውም።

ሰውየው ወደ ጓደኞቹ ዞረና ዝቅ ባለ ድምፅ «አያችሁ? ይኼ ነው አዋቂ ማለት» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ቦታ ለቀማሽነት ተጠርቻለሁ። በሁለቱም ቦታ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ዝናዬ አሁን ደባርቅ ደርሷል አሉ።