የአቶ ዓባይነህ ነገ

በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ፈላጊን «ነገ ተመለስ» የሚል አንድ ሰው አለ። ሚኒስትር ይሻራል፣ ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፤ እሱ ግን ከነጠረጴዛው ይኖራል።

የእኛው፣ የሰበታው ክር ፋብሪካ ቀጣሪ፣ ክቡር አቶ ዓባይነህ ናቸው። እኔ ጥሩሰው፣ ቢሯቸውን የምጠርግ፣ ሻይ የማቀርብ ሴት ነኝ። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ብዙ አላውቅም፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ግን ስንት «ነገ» እንዳለፈ አውቃለሁ።

አቶ ዓባይነህ በወጣትነታቸው አንድ ደጃዝማች ግቢ ሰባት ወር ደጅ ጠንተዋል። ስለዚህ ደጅ ያልጠና ሰው ለእሳቸው ጥሬ ነው። «ሰው ደጅ ላይ ይበስላል» ይላሉ ሻያቸውን ፉት እያሉ። የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ ዋሱን ይጠይቃሉ፤ ምን መሥራት እንደሚችል ካስታወሱ በመጨረሻ ይጠይቃሉ።

ተረፈች የምትባል ከፍጥነቷ የተነሣ ጣቷ የማይታይ ታይፒስት ሁለት ሳምንት አመላለሷት። ሲያስጠሯት ሌላ ቦታ ተቀጥራለች። «አየሽ? ትዕግሥት የላትም» አሉኝ። በምትኳ ከሁሉም ረጅም ደጅ የጠናውን ወሰዱ፤ የሚፈልገው ሌላ መሥሪያ ቤት ስላልነበረ ጊዜ ነበረው። አንድ ደብዳቤ በአንድ ጣቱ እስኪጨርስ እኔ ሁለት ክፍል እጠርጋለሁ።

በዚህ ዓመት በዐቢይ ጾም ትልቁ ማሽን ቆመ። እስከ ፋሲካ ካልተነሣ ሠራተኛ እንደሚቀነስ ሥራ አስኪያጁ ተናገሩ። ቅነሳው ከማን እንደሚጀምር ማንም አልጠየቀም። እኔ መጥረጊያዬን አየሁ።

ያን ጊዜ ሞቱማ ከቡራዩ መጣ፤ የማሽን ሕመም በድምፁ ብቻ የሚለይ መካኒክ ነው ይባላል። አራት ጠዋት መጣ፣ አራት ጊዜ «ነገ» ተባለ። ይኼ ሰው እንዳያመልጠን ብዬ ብለምናቸው «ጥሩሰው፣ ሊጥ እንኳ ሳይቦካ አይጋገርም» አሉኝ። በአምስተኛው ቀን ሞቱማ ቀረ። እዚያው ቡራዩ አንድ ጋራዥ ሊገባ ነው ተባለ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዓባይነህን ጠሩና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰውየውን ይዘው ይምጡ፤ አለዚያ እርስዎም ነገ አይመለሱ» አሏቸው። ኦሮምኛ ስለምችል እኔም አብሬ ታዘዝኩ።

ሁለት አውቶቡስ ለውጠን ቡራዩ ደረስን። የሞቱማ አባት ኦቦ ገርባ አጥራቸው በር ላይ ቆመው ነበር። እጅ ነሥቼ በኦሮምኛ ጉዳያችንን አስረዳሁ። አቶ ዓባይነህን ከባርኔጣ እስከ ጫማ አዩአቸውና «ቦሩ ኮታ» ብለው ገቡ።

«ምን አሉ?»

«ነገ ተመለሱ ነው የሚሉት።»

ይቆጣሉ ስል ፊታቸው በራ። «ሥርዓት ያለው ቤት ነው» አሉ።

በማግስቱም «ቦሩ ኮታ»። በሦስተኛው ቀን ካፊያ ነበር። እኔ እግሬን እያቀያየርኩ፣ በእጄ ነጠላዬን እየነካካሁ ስቁነጠነጥ፣ እሳቸው ድንጋይ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው ተቀምጠዋል። «እጅሽን ሰብስቢ፤ ደጅ የሚጠናው በእጅም ነው» ብለው ገሠጹኝ። ልፋታቸው አንጀቴን በላው። እንዲህ የተካኑበት ሙያ እንዳላቸው እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር።

በአራተኛው ቀን ኦቦ ገርባ ወጡና ጥርት ባለ አማርኛ «ልጄ እናንተ በር ላይ አራት ቀን ቆሟል። እርስዎም ዛሬ አራት ሞላዎት። ይግቡ» አሉ። እኔ ለካ ሦስት ቀን በከንቱ ሳስተረጉም ነበር። እርጎ ቢቀርብልንም ጾም ስለሆነ አልቀመስንም፤ ሞቱማ ግን ከእኛ ጋር ተነሣ። ማሽኑ ከሆሳዕና በፊት ተነሣ፤ መጥረጊያዬም በእጄ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው በር ላይ ከዛፉ ጥላ ሥር ለደጅ ጠኚዎች አግዳሚ ወንበር ተሠርቷል። አቶ ዓባይነህም ተሻሽለዋል፤ አሁን «ነገ ሦስት ሰዓት ተመለስ» ይላሉ። በሦስት ሰዓትም ይገኛሉ።

እኔንም በጊዜዬ አሥራ አንድ ቀን አቁመውኛል። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰርተፊኬት ሲጠይቁኝ የለኝም አልኳቸው። ሌላ ቀጣሪ እዚያው ያሰናብተኝ ነበር። እሳቸው ቅጹን ሳብ አደረጉና ሰርተፊኬት በሚለው ቦታ ላይ «አሥራ አንድ ቀን ቆማለች» ብለው ጻፉ።

ያን አግዳሚ በየጠዋቱ የምወለውለው ማንም ሳያዘኝ ነው።