ንፋስ የሚፈሩት ጋሼ ታደሰ

አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ላይ የገና በዓል የሚውለው አስፋልት በሚያቀልጥ ሙቀት ነው። ታዲያ ንፋስ እንደ ጅብ የሚፈራ ሐበሻ ቤት በዓል ውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ውያለሁ፤ አስኮት ቬል ሰፈር፣ ጋሼ ታደሰ ቤት። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፣ ዶሮ ወጡ ይፋጃል፣ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ጋሼ ጋቢ ደርበዋል፤ በዓል ነዋ!

«ጋሼ፣ መስኮቱን ትንሽ ብንከፍተውስ?» አልኳቸው።

«ላብህ ሳይደርቅ? ንፋስ ሊመታህ?»

እዚህ ቤት ላብ የሚደርቀው በምን ተአምር ነው? ይህንን እየተፈላሰፍኩ ሳለ ራሴን ስቼ ወደቅኩ።

ስነቃ ልጃቸው መስኮቱን በርግዳዋለች፤ ደስ የሚል አየር ይገባል። ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው እኔን እየጠቀለሉ ለእንግዶቹ ያስረዳሉ፦

«አላልኳችሁም? ይኸው፣ መስኮቱ ከመከፈቱ ንፋስ መታው!»