የጋሽ ሶሪ ይቅርታ

ሶሪ ባይ የሌለበት ቤተሰብ የለም። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ፣ ሶሪ ባዩ ራሱ ነው።

ሶሪ ባይ ማለት የከበደውን ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚገላገል ሰው ነው። «ራበኝ»ን እና «በሩን ዝጉት»ን በአማርኛ ይላል፤ ፍቅር፣ ሐዘንና ይቅርታ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ ባሕር ይሻገራል።

የዚህ ወገን አለቃ መነጽር ሠሪው ጋሽ ሶሪ ናቸው። ለሰፈሩ አንቱ ናቸው፤ ለሚስታቸው ግን አንተ ነው። ነገሩን የምናየው ከሚስቲቱ ጎን ተቀምጠን ስለሆነ፣ አንቱታውን ከደጅ እናቆየው።

ጋሽ ሶሪ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰው አስቀምጦ መስታወት ይቀያይራል። «ይሄ ይሻላል፣ ወይስ ይሄኛው?» ሲል ይውላል። ለሌላው ሁሉ ምርጫ ይሰጣል፤ ለራሱ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። የሰው እግር ቢረግጥ «ሶሪ»፤ ከወንበር እግር ጋር ቢጋጭ «ሶሪ»።

ሚስቱን ሲያጫት «አይ ላቭ ዩ» አላት። እሷ ከእንግሊዝኛ ጋር ብዙም ስላልተዋደደች «ነገ እነግርሃለሁ» ብላ ወንድሟን ልትጠይቅ ሄደች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረው «እወድሻለሁ» ሲል ሰምታው አታውቅም። እናቱ የሞተች ቀን እንኳ፣ ቤቱ በለቅሶ ሲናወጥ፣ ጥግ ቆሞ «ሺ ኢዝ ጎን» አለ።

«ምን አለ?» አለች አንዷ አክስቱ።

«እንጃ፣ ፈረንጅ የሞተበት መሰለኝ» አለች ሌላዋ።

ቁጣ ላይ ግን ክቡርነቱ አስተርጓሚ አያሻውም። ባለፈው ወር ልጁ ተሳሳተች። አብራው የምትሠራ፣ እጇ ከእሱ ይበልጣል የሚባልላት ልጅ ናት። የአንድ ደንበኛን የቀኝ መስታወት በግራ ገጠመችው። ጋሽ ሶሪ በአራት ደንበኞች ፊት፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ምነው አንቺን ባልወለድኩ!» አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በምሳ ሰዓት መጥቶ «ሶሪ» አላት።

«የሰደብከኝ በምንድን ነው፣ አባዬ?»

«እንዴት በምንድን?»

«በአማርኛ ነው። ይቅርታውንም በዚያው አምጣው።»

አንድ መስታወት አንስቶ በጨርቅ ወለወለ። ከዚያ «ቬሪ ሶሪ» አለ።

ልጅቱ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች። ቅዳሜ ልትሄድ ልብሷን እያጣጠፈች፣ «ስድቡ እዚህ ገብቷል፣ እማዬ» ብላ ደረቷን ነካች። «ሶሪው ጆሮዬ ላይ ቀረ።»

እናትየው ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ አጣች። ልጅ መሄዱን ይሄዳል፤ ያን ቃል ይዛ ከሄደች ግን መመለሷ ያጠራጥራል። ረቡዕ ለማንበቢያ መነጽር የመጣ አንድ የነርቭ ሐኪም ስታገኝ፣ ባሏ የከበደውን ሁሉ ለምን በእንግሊዝኛ እንደሚል ጠየቀችው።

«የልጅነት ቃል ከነቁጣው፣ ከነእቅፉ ነው አእምሯችን ውስጥ የሚገባው» አላት። «ከደብተር የተማርነው ቃል ብዙ ጊዜ ያን ያህል አያስደነግጥም። ሰው ይለያያል እንጂ፣ ለአንዳንዱ የባዕድ ቃል ይቀልለዋል።»

«እንግዲያው በጨርቅ ነው የሚይዘው በሉኛ።»

«ምኑን?»

«የጋለውን ድስት።»

ሐኪሙ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀዘቀዘ ድስት የሚያቀብላት ይመስላት ነበር።

ዓርብ ዕለት ልጇን «ከመሄድሽ በፊት አባትሽ ዓይንሽን ይይልሽ» አለቻት።

«ዓይኔ ምን ሆነና?»

«ለእኔ ስትይ።»

የምርመራ ክፍሉን መብራት ራሷ አጠፋች። መጋረጃውን ሳበችና ከውጭ ቆመች።

«ይሄ ይሻላል፣ ወይስ ይሄኛው?» ይላል ጋሽ ሶሪ።

«እኩል ናቸው» ትላለች ልጅቱ።

መስታወቶቹ ሳጥናቸው ውስጥ ሲንቀጫቀጩ ሚስቱ ሰማች።

«ሶሪ» አለ።

አንድ መስታወት አውጥቶ ሌላ ሲያስገባ ተሰማ።

«ወይስ... ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አንቺን ባልወልድ ኖሮ እኔ...» ከዚያ፣ እንደ ሥራው ልማድ፣ «ይሄኛው ይሻላል?» አለ።

ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ደንበኛ «ምነው ቆዩ? ሰላም ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«መስታወት እየቀየረ ነው» አለች ሚስቲቱ፣ በመጋረጃው ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች።

ከጨለማው ውስጥ የልጅቱ ድምፅ መጣ። «ሁለተኛው። ግን በደንብ አልለየሁትም። እስቲ ድገመው።»

ደገመው።

ቅዳሜ መሄዷ አልቀረም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ጋሽ ሶሪ እጁን እያውለበለበ «ቴክ ኬር!» ብሎ ጮኸ። ልጅቱ በመስኮቱ ሳቀችበት። ሚስቱ ግን ያንን እጁን ከአየር ላይ አውርዳ ያዘችው። ይፋጃል።