ሽማግሌ በኤሌክትሪክ መኪና

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ «ጊዜዬን በላብኝ» ካላችሁ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ወዳለችው ሱቄ ኑ፤ የተሰበረ ስልካችሁን በነጻ እጠግንላችኋለሁ። ይህን ያህል እርግጠኛ ነኝ።

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት መንገደኛ አለ። አንዱ «እግዜር ያውቃል» ብሎ የሚነሳ ነው፤ ሌላው ደብተር ይዞ የሚነሳ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ሁለተኛው እኔ ነኝ።

አጎቴ ጋሼ ጋንታ አምና የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። ትንሽዬ፣ ነጭ፣ ከሌላ ሰው እጅ የመጣች፣ ስትሄድ ድምፅ የሌላት ናት። ድምፅ ስለሌላት በኩልፎ ወንዝ ዳር ጋሪ የሚጎትቱ አህዮች እንኳን መንገድ አይለቁላትም። ጋሼ ጋንታ ገዟት እንጂ አያምኗትም፤ «ነዳጅ ነዳጅ የማይሸት መኪና ልቡ አይታወቅም» ይላሉ። ስለዚህ ሾፌሯም፣ መካኒኳም፣ ቃል አቀባይዋም እኔ ሆንኩ። ኤሌክትሪክ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። አስተማሪዎቼ ሦስት ናቸው፦ የስልክ ቪዲዮ፣ የተቃጠለ ሬዲዮ፣ እና ሁለት ጊዜ የያዘኝ ኮረንቲ። ሦስተኛው ትንሽ ኃይለኛ ነው።

እስቲ ላስረዳችሁ። (አስረዳን አላላችሁም፤ ግን ይህ አግዶኝ አያውቅም።) የነዳጅ መኪና ማለት ቆሎውን ኪሱ ጨምሮ እየቆረጠመ እንደሚሄድ ሰው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን እንደ ክቡር እንግዳ ናት። ቁጭ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ተከብራ ነው የምትበላው። ከተራ የቤት ሶኬት ስትመገብ ደግሞ በጭልፋ ሳይሆን በሻይ ማንኪያ እንደማጉረስ ነው። በዚያ ላይ የእኛዋ በልጅነቷ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር አሉ፤ አሁን መቶ አርባ ከሄደች እልል ይባልላታል። ከአርባ ምንጭ ሶዶ ደግሞ መቶ ሃያ ገደማ ነው። አያችሁ? በሂሳብ ይደረሳል። ሂሳብ የሚባል ነገር ስንት ሰው መንገድ ላይ አስቀርቷል!

ሶዶ ምን ልናደርግ? ሽምግልና ነዋ! ለእኔ! ምሕረት የምትባል ነርስ ስልኳን ልታሠራ መጣች፤ ስልኩ በአንድ ቀን ተሠራ፣ እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «ገና ትንሽ ይቀረዋል» እያልኩ ሳመላልሳት ኖርኩ። አባቷ መምህር አድማሱ ይባላሉ። ከጎጃም በወጣትነታቸው መጥተው፣ ሶዶ ላይ ፊዚክስ ሲያስተምሩ አርጅተው፣ እዚያው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ይምጡ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ምሕረት ይህን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «አባዬ ስምንት ሰዓት ካለ ስምንት ሰዓት ነው። ለእህቴ የመጡት ሽማግሌዎች ግማሽ ሰዓት ቢዘገዩ በሩን አልከፈተላቸውም። እህቴ ይኸው እስከ ዛሬ እቤት አለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ደብተር ገዛሁ፤ አሰመርኩ። በአንድ በኩል ኪሎ ሜትር፣ በአንድ በኩል ሰዓት፣ በአንድ በኩል የባትሪው መቶኛ። ሦስቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ክብደታቸውን ጠየቅኩ። «ልታርደን ነው?» አሉኝ። ጋቢያቸውን ሳይቀር ደመርኩ። ለጥንቃቄም መሃል መንገድ ላይ፣ ምዕራብ አባያ ብርብር፣ የአጎቴ ወዳጅ ወንጌላዊ ማቴዎስ ቤት ሁለት ሰዓት ቆመን ቻርጅ እንድናደርግ አቀድኩ። ከአራት እስከ ስድስት። ከዚያ ተነስተን ስምንት ሳይሞላ ሶዶ!

አንድ ችግር ብቻ ነበረ። ልጅ የሚጠየቅለት ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። መኪናዋን መንዳት የሚችለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ መክረው ወሰኑ፦ እኔ እስከ ማታ ድረስ «ሾፌሩ» እባላለሁ፤ ከመኪናው አልወርድም፤ አፌንም አልከፍትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንደምችል ነገርኳቸው።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋን ጢም አድርጌ ሞልቼ ቆምኩ። መቶ ከመቶ! ጋሼ ዛራ መጡ። ጋሼ ዛራ ኩልፎ ዳር የሙዝ እርሻ ያላቸው ሰው ናቸው፤ የመጡት ግን ከአራት ዘለላ ሙዝ ጋር ነው። ደብተሬን ገልጬ ሙዝ በእቅዱ ውስጥ እንደሌለ ለማስረዳት ሞከርኩ። «የሰው ልጅ ልንጠይቅ ባዶ እጃችንን እንግባ?» አሉ። ይህ ጭነት ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከላንቴ ወዲያ አያደርሰንም አልኩ። «እንግዲያ ላንቴ ላይ ሌላ እንጨምራለን» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ላንቴ ላይ አክስቴ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን፤ ሁለት ዘለላና አንድ ማዳበሪያ ፓፓያ። የጋሞ ሰው በዘመዱ በር ዝም ብሎ አያልፍም፤ ዘመዱም ዝም ብሎ አያሳልፈውም።

ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሼ ኦይሳ ናቸው፤ የጨንቻ ሸማኔ። ዕድሜያቸውን በብርድ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የአባያ ዳር ሙቀት አልተስማማቸውም። በየአምስት ደቂቃው «ልጄ፣ እስቲ ያቺን ንፋስ» ይሉኛል። ያቺ ንፋስ ከባትሪ የምትወጣ ናት። እኔ አጠፋለሁ፣ እሳቸው በትህትና ይለምናሉ፣ መልሼ እከፍታለሁ። ጨንቻን እንዳለች መኪናው ውስጥ አስገባንላቸው።

ብርብር ስንደርስ አርባ ስድስት ከመቶ ቀርቶናል። አልደነገጥኩም፤ ገመዴን አወጣሁ፣ በመስኮት አስገባሁ፣ የወንጌላዊ ማቴዎስ ሳሎን ያለው ጠንከር ያለ ሶኬት ላይ ሰካሁ። መኪናዋ አረንጓዴ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። በላች ማለት ነው። ወንጌላዊው ጸሎት አደረጉ፤ ለመንገዳችን፣ ለሽምግልናው፣ ለመኪናዋም ጭምር። ከዚያ ሾፌሩም ይግባ ተባለ፤ ገባሁ፤ «ለመሆኑ ይህች መኪና እንዴት ነው የምትሠራው?» ብለው ጠየቁኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ እኔን መጠየቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷችኋል። ኮረንቲ ምን እንደሆነ ከውሃ ጀምሬ አስረዳሁ። ባትሪ ለምን እንደሚያረጅ አስረዳሁ። ቁልቁለት ሲወረድ መኪናዋ ራሷን እንደምትሞላ ስነግራቸው ወንጌላዊው «አሜን!» አሉ፤ እኔም ገብቷቸው መስሎኝ ጨመርኩ። ጋሼ ዛራ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አጎቴ «አፌን አልከፍትም ያልከው የት ሄደ?» በሚል ዓይን ያዩኛል። መሃል ላይ ዓሣው መጣ፣ ኩርኩፋ የምንለው የበቆሎ ዱቄት ምግብ በሽፈራው ቅጠል ተሠርቶ ትኩስ ትኩሱን መጣ፣ በላን፤ እየበላሁም አስረዳሁ።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በኩራት ወጥቼ መኪናዋን አየሁ። አርባ ስድስት ከመቶ።

ዓይኔን አሸሁ። አርባ ስድስት። ገመዱን እየተከተልኩ በመስኮት ገብቼ ሳሎን ደረስኩ፤ ጫፉ በክብር ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሶኬቱ ላይ ያለው ወደ ማድ ቤት የሄደ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገመድ ነው፤ ለካ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው ሳስረዳ የቆየሁት። የወንጌላዊው ባለቤት እትዬ አስቴር ምንም አላፈሩም። «ነቀልኩታ!» አሉ። «ገና እንደገባችሁ ነው የነቀልኩት። እንግዳ ጦሙን አስቀምጬ መኪና ላብላ?»

እቅዱን ያወጣሁት እኔ፤ ቻርጅ ለማድረግ ሰው ቤት መቆም አለብህ፤ ሰው ቤት ከቆምክ ይበስልልሃል፤ ከበሰለልህ ሶኬቱ የለም። ይህን የማያውቅ የጋሞ ልጅ አለ? አለ፤ ደብተር ይዟል።

ሮጬ መልሼ ሰካሁ። አረንጓዴው ዓይን ጨፈን ከፈት፣ ጨፈን ከፈት… ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ጨፈን አለና ቀረ። ማቀዝቀዣው ዝም፣ የጎረቤት መዝሙር ዝም። መብራት ሄደ። ወንጌላዊው እያጽናኑኝ «አብዛኛውን ጊዜ እስከ ማታ ይመጣል» አሉ።

አስፋልት ዳር ወጥቼ እጄን አወናጨፍኩ። የሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ በቅዳሜ ገበያተኛ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንዱ ቆሞ «አንድ ሰው!» አለ። አንድ ሽማግሌ ይላካል? አጎቴ በረንዳው ላይ ቆመው «እስቲ ያ ደብተርህ አሁን ምን ይላል?» አሉኝ። ጋሼ ዛራ ከእንቅልፋቸው ነቅተው «ሙዙን ሳይሆን ደብተሩን ነበር ማውረድ» አሉ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የምሕረት እህት ነበረች በዓይኔ ላይ የምትዞረው፤ በሩ ያልተከፈተላት።

ለምሕረት በጽሑፍ እውነቱን ላክሁላት፦ «ብርብር ነን። መብራት የለም። በቃ፣ አለቀልኝ።» መልስ የለም። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ መልስ የለም። ሰባት ተኩል ሆነ። ማንጎ ዛፍ ሥር መኪናዋ ላይ ተደግፌ ስለ ምንኩስና ማሰብ ጀመርኩ። ለፕሮቴስታንት ደግሞ እሱም የለም።

ልክ ስምንት ሰዓት ላይ (ሰዓቴን አይቻለሁ) አንድ ሚኒባስ ግቢው በር ላይ ገጭ ብሎ ቆመ። መጀመሪያ ከዘራ ወረደ፤ ከከዘራው ኋላ ቀጥ ያሉ፣ ባለ ኮት ሽማግሌ። ከዚያ የምሕረት እናት በጋቢ የተጠቀለለ ትልቅ ድስት አቅፈው፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሳቋን የምታፍን ምሕረት።

በኋላ እንደነገረችኝ፣ መልእክቴን ለአባቷ ስታነብላቸው «በእኩለ ቀን መኪና መብራት ምን ያደርግላታል?» ብለው ነበር። ሲገባቸው ግን ተነሱ። «ሽማግሌ በፀሐይ መንገድ ላይ ቀርቶ እኔ ቤት ዶሮ አይበላም። ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ነው፤ የት እንደሆነ አልተባለም» ብለው የጎረቤት ሚኒባስ አስነሱ።

መምህር አድማሱ ማንንም ሳይሉ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። «ሾፌሩ አንተ ነህ?» ነኝ አልኩ። «እነዚህን የተከበሩ ሰዎች ሜዳ ላይ ያስቀረሃቸው በምን ሂሳብ ነው?» እንግዲህ «በምን ሂሳብ» ያሉት ሊገሥጹኝ ነው፤ እኔ ግን ጥያቄ መሰለኝ። ደብተሩን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ ወጣ። ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ እስክሪብቶው አይደለም። አንዱን ገጽ አረሙ፣ ሁለተኛውን ገለጡ፤ «እህ» አሉ፤ «ጋቢውን ሳይቀር?» አሉ። ቀጥሎ ቆም አሉና «ዳገቱስ?» ብለው ጠየቁኝ። የቱ ዳገት አልኩ። «ሶዶ እኮ ከዚህ ሽቅብ ናት! የዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ!» በስልኬ ካርታ ላይ ጠፍጣፋ ናት አልኳቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ከአሥር ስድስት» ብለው ጻፉ።

ይህን ጊዜ ደብተሬን መቀበል ነበረብኝ። አልተቀበልኩም። መምህሩ የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ስለሚደረገው ጉዞ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ከሶዶ አርባ ምንጭ፣ ተሳፋሪ ሁለት፦ እኔ ስድሳ ሁለት ኪሎ፤ ምሕረት ሃምሳ አምስት ኪሎ (በግምት)።»

መምህር አድማሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ልጃቸው ዞረው አዩ፣ ወደ እኔ ዞረው አዩ። «ይህችንስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማን መዘናት?»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረዳት አቃተኝ።

መምህሩ ደብተሩን እንደያዙ ወደ ሳሎን ገቡ፤ ከኋላቸው ገባሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ብድግ አሉ፤ ልጅ ጠያቂ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። መምህሩም አልተቀመጡም፤ «የመጣሁት እኔ ነኝ፤ የመጣ ነው የሚቆመው» አሉ። ሁለቱም ወገን ቆመ። እትዬ አስቴር «ወጡ ቀዘቀዘ!» እያሉ ይጮኻሉ። በመጨረሻ ጋሼ ኦይሳ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከ«ያቺን ንፋስ» በቀር ቃል ያልተነፈሱት፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነበር አመጣጣችን፤ መምጣቱ አልሆነልንም» አሉ።

«ለሾፌሩ ነው?» አሉ መምህሩ።

«ለሾፌሩ ነው» አሉ አጎቴ፣ ደብቆ ማቆየቱ ሰልችቷቸው።

መምህር አድማሱ ደብተሩን ወደ ሽማግሌዎቹ ከፍ አደረጉ። «እኔ እስካሁን ሊዋሹኝ የሞከሩ ሽማግሌዎችን ብዙ አይቻለሁ» አሉ። «ስህተቱን በሰንጠረዥ አስፍሮ የሚያቀርብ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልናገር፤ የሰርጉ ቀን ሙሽራዋ የምትሳፈርበት መኪና ናፍጣ ይጠጣል።»

እልልታው ከሽማግሌዎቹ ጸሎት ጋር ተደባለቀ። መብራትም መጣ፤ ግን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት።

አሁን ሲቀላ ውስጥ ስሄድ «ይኸው የሴት ወገን ሽማግሌ የላከበት!» እያሉ ያሾፉብኛል። ጋሼ ጋንታ ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያውም የእሳቸው ዘዴ እንደነበረ ማውራት ጀምረዋል፤ ሦስት ጎረምሶች ለራሳቸው ሽምግልና መኪናዋን ሊዋሱ ተሰልፈዋል። እናንተም ሞክሩት እንጂ! ከልቤ ነው የምላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ተነሱ፣ ገመዳችሁን ያዙ፣ የዘመድ ቤት ምረጡ፣ ደብተራችሁንም በሚገባ አስምሩ፤ ዳገቱን ግን አደራችሁን፣ እንዳትቆጥሩት።